እማዬ የጠበቀችው ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ከዚያ በፊት በአውሮፕላን ሄዳ አታውቅም ነበር። ቀበቶዋን ለማሰር ስትታገል ነው ያወቅሁባት። መንገዱን ስልኳን እየነካካች በደህና ጨረሰችው፤ ጣናን አልፈን ዝቅ ማለት ስንጀምር ግን ስልኳን አስቀመጠችው። ጎማው የጎንደር አየር ማረፊያ አዘዞ ላይ መሬት ነክቶ ሞተሩ በድንገት ሲያጓራ ክንዴን ጭብጥ አድርጋ፣ "እማማ፣ ምን ሆነ? ተበላሸ እንዴ?" አለችኝ። አልተበላሸም፣ እየያዘ ነው አልኋት። ወዲያው ድምፁ ቀነሰ፣ አውሮፕላኑም ዝግ አለ። ልጅቷ እጇን ከክንዴ ላይ አንስታ አፍራ ሳቀች። ቀና ብላ ስታየኝ ዕንባዬ ይወርዳል። ጥቁር ለብሻለሁና ምክንያቱን አልጠየቀችኝም፤ "እግዚአብሔር ያጽናዎ" ብላ ወደ መስኮቱ ዞረች።

የሄድሁት ታላቅ ወንድሜን ደመቀን ልቀብር ነበር። ያ ጩኸት ምን እንደሆነም የማውቀው ከእሱ ነው። ለእኔ ብሎ አላስተማረኝም፤ ለእማዬ ሲያስረዳ አጠገባቸው ሆኜ ሰምቼ ነው።

የተወለድነው ኮሶዬ ነው። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር እማዬ ምግብ ቤት ነበራት። ምግብ ቤት ማለቴ ለክብሯ ነው እንጂ፣ ሁለት ረጃጅም አግዳሚ ያሉት የጭቃ ቤት ነው። የኮሶዬን ብርድ ያላየ ሰው ባወራለትም አያምነኝም። ጉሙ የወረደ ቀን በጠራራው ሰዓት ፋኖስ እናበራ ነበር። ሹፌሮቹ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው እየተንዘፈዘፉ ይገባሉ፤ እማዬ የሚንተከተከውን ሽሮ ከነድስቱ ፊታቸው ታስቀምጥላቸዋለች፤ ቅቅል ድንችና ሚጥሚጣ ትጨምርላቸዋለች። ሁሉም "እቴ ዘነቡ" ነው የሚሏት፤ በዕድሜ የሚበልጧት እንኳ።

እማዬ ጓዳ ሆና መንገዱን በጆሮዋ ትከታተል ነበር። አንድ የጭነት መኪና ከላይ ቁልቁለቱን ሲጀምር፣ ሹፌሩ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ሲያቃስት ከሰማች፣ ይኼስ የሰው ልጅ ነው ትልና ሽሮውን ትጥዳለች። ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ከማርሽ አውጥቶ ዝም ብሎ የሚንደረደረውን ግን በሯ ላይ ቢያቆምም ፊት አትሰጠውም። ምክንያት አላት። እኔ ሕፃን ሳለሁ ታናሽ እህቷን ብርቄን ፍሬን የበጠሰ መኪና ገድሎባታል። ብርቄ ከገበያ ስትመለስ የመንገዱን ጠርዝ ይዛ ትሄድ ነበር አሉ። መኪናው ከኋላዋ መጣ፤ ጉምም ነበር፤ የሞተርም የጥሩንባም ድምፅ አልነበረውም። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ሲያወራ፣ "ሳንሰማው ደረሰ" ነው የሚለው። ከዚያ ወዲህ እማዬን የሚያስፈራት የሚጮህ መኪና ሳይሆን የማይጮህ ነው።

ደመቀ ጎበዝ ተማሪ ስለነበር አዲስ አበባ ሄዶ የአውሮፕላን ጥገና ተማረ፤ እዚያው ጄቶቹ የሚጠገኑበት ክፍል ተቀጠረ። በዓመት አንዴ ሲመጣ እጁ የዘይት ሽታ አለው፤ በሳሙና ቢያሽ አይለቀውም። አባዬ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ "የእኔ ልጅ የሚጠግነው በሰማይ የሚሄደውን ነው" እያለ ያወራል። አባዬ ገበሬ ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የገብስ ማሳ እሱ ያርሳል፣ ምግብ ቤቱ የእማዬ ነው።

ደርግ ሊወድቅ በተቃረበባቸው ዓመታት የእማዬ ሆድ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ የበላሁት ነው አለች፤ ከዚያ ጠበል ጠጣች፤ በመጨረሻ ጎንደር ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሞቹ እጢ ነው፣ አዲስ አበባ ሄዳ ትቀደድ አሉ። ጦርነቱ እየቀረበ የመጣበት ጊዜ ነበርና የአዲስ አበባ መንገድ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ሲከፈትም አውቶቡስ የሚሄደው በወታደር ታጅቦ ነው፤ በየመንገዱ ማደር አለ። በዚያ ላይ ሐኪሙ ይህ ሆድ ያንን መንገድ አይችልም አለ። ስለዚህ በአውሮፕላን እንድትሄድ ተወሰነ። ደመቀም ፈቃድ ወስዶ በመስከረም ማብቂያ መጣ።

ሌላ ሰው ቢሆን እንዴት እንደሚነሣ፣ ሰማይ ላይ ምን እንደሚይዘው ይጠይቃል። እማዬ ግን ጉልበቷን አቅፋ ምድጃው ዳር ተቀምጣ፣ "መነሣቱንስ ይነሣ ልጄ። እንዴት ነው የሚቆመው?" አለችው።

ደመቀ ፊቱ ሲበራ አሁንም ይታየኛል። በአገሩ ስለ ሥራው ከልቧ የጠየቀችው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። አባዬ ቀድሞ፣ "ኋላ ማርሽ ያስገባል በለኛ" ሲል፣ ደመቀ ሳቀና አይደለም አለው። ሞተሩ ወደ ኋላ አይዞርም፤ እንደ ወትሮው ከፊቱ አየር እየማገ ከኋላው ይተፋል። አውሮፕላኑን ወደ ፊት የሚገፋው ያ ወደ ኋላ የሚተፋው ነፋስ ነው። ጎማው መሬት ከነካ በኋላ ፓይለቱ አንድ እጀታ ሲስብ፣ ከሞተሩ አፍ ኋላ ሁለት ጎድጎድ ያሉ የብረት በሮች ይገጥማሉ። ነፋሱ መውጫ ሲያጣ ተመልሶ ወደ ፊት ይወጣል፤ ያን ጊዜ የገፋውን አውሮፕላን መልሶ ይይዘዋል።

አባዬ ነፋስ እንዴት ተመልሶ እንደሚወጣ አልገባ አለው። ደመቀ ጭልፋ አነሣ። እማዬን በጣሳ ውኃ እንድታፈስ አደረጋትና የጭልፋውን ሆድ ከሥር ደቀነላት። ውኃው በጭልፋው ሆድ ዞሮ ወደ መጣበት ወደ ላይ ተፈናጠረና የእማዬን ፊትና ደረት አራሰው። ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እያመማት፣ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር፤ ከዚያም በኋላ አላየኋትም።

አባዬ ሰማይ ላይ ሳለ በሮቹ ቢዘጉሳ ብሎ ጠየቀ። ደመቀ መቆለፊያ እንዳለው ነገረው፤ ጎማው መሬት ካልነካ እጀታው አይታዘዝም። ደግሞም ዋናው ፍሬን የጎማው ነው፣ ይኼኛው አጋዥ ነው፣ ዝናብ ዘንቦ አስፋልቱ ሲያንሸራትት በብዙ ያግዛል፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ በሮቹን ይመልሷቸዋል አለ። ይህን ሁሉ እኔ ነኝ የሰማሁት። እማዬ ይዛ የቀረችው ከዚያ በኋላ የነገራትን ነው።

"እማዬ፣ ጎማው መሬት እንደነካ ትልቅ ጩኸት ትሰሚያለሽ። ሰው ሁሉ የሚደነግጠው ያን ጊዜ ነው። አንቺ ግን እንዳትደነግጪ፤ ሹፌሩ ማርሽ ቀነሰ በይ።"

"ሸጋ" አለች። "ጩኸቱን ከሰማሁ ተይዟል ማለት ነው።"

"አዎ፣ ተይዟል ማለት ነው።"

ደመቀ ከተናገረው ውስጥ አንድም ሐሰት የለም። ነገር ግን የተናገረው እሱ ስለሚጠግነው ጄት ነው። በዚያ ዘመን ጄት አዘዞ አያርፍም፤ ሜዳው ጠጠር ነበር። ከጎንደር ሰው የምታመላልሰው ባለ ፕሮፔለር አሮጌ አውሮፕላን ናት፤ እሷ ደግሞ ያ የሚዘጋ በር የላትም፣ ስታርፍም አትጮህም። ይህን ከደመቀ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረም። ለምን አልለየላትም ብዬ ብዙ ዓመት አስቤበታለሁ። ይመስለኛል፣ እሱ ያያቸው ፈሪዎች ሁሉ የሚፈሩት ጩኸት ነው፤ ጸጥታ የሚፈራ ሰው ይኖራል ብሎ እንዴት ያስብ። ትንሿ አውሮፕላን በእርጋታ ነው የምታርፈው፤ ለእርጋታዋ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልግ አልመሰለውም። የሚወደውን ሥራ ሲጠይቁት ደግሞ ማን ይቆጠባል። የብርቄን ነገር ያውቃል፣ አብሮን ነው ያደገው፤ ግን ያን ቀን ልቡ ጄቶቹ ዘንድ ነበር።

ፈቃዱ አልቆ ደመቀ ቀድሞን ተመለሰ። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ትምህርቴን አቋርጬ ጥቅምት ውስጥ እማዬን ይዤ ሄድሁ። አባዬ እስከ አዘዞ ሸኘን። እማዬ አዲስ ኩታ ለብሳ፣ ለደመቀ የቆላችውን ገብስ በከረጢት ይዛ ገባች። ከጎናችን ለተቀመጠው ወታደር ሳይጠይቃት አፈሰችለት። ከተነሣን በኋላ በመስኮቱ ቁልቁል አየች። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነውና ከታች ያለው አገር ሁሉ አረንጓዴና ቢጫ ነበር። "ምነው ይህን ያህል ሸጋ ነው እንዴ አገራችን?" አለችኝ። ፍርሃት የሚባል አልነበረባትም። እንዴት እንደሚቆም ታውቃለቻ።

አዲስ አበባ ደረስን። ጎማው መሬት ነካ፣ ትንሽ ነጠር አደረገንና መንደርደር ጀመርን። የሞተሩ ድምፅ ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ከዚያ የሚሰማው የጎማው ብቻ ሆነ። እማዬ ራሷን ቀና አድርጋ ጆሮዋን ሰጠች። እጇ እጄ ውስጥ ነበር። ከመስኮቱ ውጭ ሣሩ ይሮጣል። እሷ ትጠብቃለች፤ እኔም የምትጠብቀውን ስለማውቅ አብሬ እጠብቃለሁ። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

"አልያዘም" አለች።

ቀበቶዋን መቼ እንደፈታችው አላየሁም። ዘላ ላዬ ላይ ወደቀች፤ እኔን መሸፈኗ ነበር። በዚያው ቅጽበት የአውሮፕላኑ ጭራ፣ የእነዚያ አሮጌዎች ልማድ እንደሆነው፣ መሬት ሊነካ ዝቅ ሲል ተንሸራታ በመተላለፊያው ላይ በሆዷ ወደቀች። አውሮፕላኑ በዝግታ ሄዶ፣ መቆሙ እንኳ ሳይታወቅ ቆመ። ወታደሩና እኔ ብብቷን ይዘን አነሣናት። ገብሱ ወለሉ ላይ ተበትኖ ሰው እየረገጠው ወረደ።

ደመቀ የሥራ ቱታውን እንደለበሰ እየሳቀ ሊቀበለን መጣ፤ ሲያያት ሳቁ ጠፋ። እሷ ከደረጃው እንደወረደች መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አልተቆጣችውም። ሕፃን ሳለን ስታነጋግረን በነበረው ድምፅ፣ "የነገርኸኝን ጠበቅሁት ልጄ። አልመጣም" አለችው። ቀጥላም ወደ ሰማይ ቀና ብላ፣ "ሁለተኛ በዚህ ነገር ብሄድ፣ የኮሶዬው ሚካኤል አይለመነኝ" አለች።

በእኛ አገር ይህ እንደ ዋዛ የሚወጣ ቃል አይደለም። በደብሩ ታቦት የማለ ሰው፣ መሐላውን የሚያወርድለት የነፍስ አባቱ ነው፤ ያውም መስቀሉን ራሱ ላይ አሳርፎ ሲፈታው። የእማዬ ነፍስ አባት አባ ይትባረክ ደግሞ ኮሶዬ ናቸው።

ቀደዷት፤ መልሰው ሰፏት። ሐኪሙ ደመቀን ወደ ጎን ጠርቶ፣ ዘግይቷል፣ አገሯ ውሰዷት አለው። ማንም አልነገራትም፤ ከፊታችን አነበበችው። ከዚያ ወዲያ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ኮሶዬ ሚካኤል፣ ብርቄ አጠገብ መቀበር። ለዚያ ደግሞ ከአውሮፕላን በቀር መንገድ የለም። አስፋልቱ ተዘግቷል፣ ቢከፈትም ቁስሏ አይችልም።

ደመቀ አልጋዋ ሥር ተንበርክኮ ለመናት። የሁለቱን አውሮፕላን ልዩነት ከሥር ከመሠረቱ አስረዳት፤ ትንሿ ለምን እንደማትጮህ፣ ለምን መጮህ እንደማያስፈልጋት ነገራት። በትዕግሥት ሰምታ ስታበቃ ጸጉሩን ዳሰሰችው።

"ገባኝ ልጄ። አሁን አልፈራውም። ግን ምያለሁ።"

ኅዳር ላይ አባዬ አባ ይትባረክን ይዞ ጎንደር ቴሌ ወረደ። እኛም ደመቀ ከመሥሪያ ቤቱ በለመናት መኪና እማዬን ይዘን አዲስ አበባ ቴሌ ሄድን። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እኔ ነኝ የያዝሁላት። አባ ጸሎቱን አድርሰው፣ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ሲሉ ከእኔም ጆሮ ደረሰ። እማዬ መስቀል ፊቷ እንዳለ ሁሉ አንገቷን ደፋች። ከዚያ አባዬ ተቀበለ። ገብሱ መድረሱን ነገራት። ውርጭ ሳይመታው እጨዱት አለችው። መቼ እንደምትመጣ ጠየቃት፤ መስመሩ ተቋረጠ። መልሰን ብንሞክር አልገናኝ አለን።

ወደ ቤት ስንመለስ ደመቀ ደስ ብሎት፣ በቃ አባ ፈትተውሻል አላት። ራሷን ነቀነቀች። "ድምፁ የአባ ነው። መስቀሉ ግን ራሴ ላይ አላረፈም" አለች።

ስለዚህ አባ ራሳቸው ይምጡ ተባለ። ደመቀ አለቆቹ እግር ሥር ወድቆ የመሳፈሪያ ፈቃድ አገኘላቸው። ከጎንደር ከተማ አልፈው የማያውቁ ሽማግሌ፣ መስቀላቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው አዘዞ ወረዱ፤ ዘመድ ቤት አርፈው አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ከአባዬ ጋር ሜዳው ላይ ይቆማሉ። አንድ ቀን ቁስለኛ ሞልቶባት ተመለሱ። ሌላ ቀን ቤተሰባቸውን የሚያሸሹ ባለሥልጣናት ቀደሟቸው። ሌላ ቀን ጭራሽ ሳትመጣ ቀረች። አዲስ አበባ ደግሞ እማዬ፣ ደመቀ ከሥራ በገባ ቁጥር ዓይኗን ከበሩ ላይ ሳታነሣ፣ "አባ መጡ?" ትለዋለች። ነገ ይመጣሉ ይላታል። በመጨረሻዎቹ ቀናት መጠየቁን ተወችው፤ በሩን ታያለች ብቻ።

ጥምቀት ሊደርስ ሲል ሞተች። መርዶው ለአባዬ የደረሰው እዚያው አዘዞ ሜዳ ላይ፣ አባ አጠገብ እንደቆመ ነው፤ ከአውሮፕላኑ የወረደ የደመቀ ባልደረባ ነገረው። አስከሬኗን በአውሮፕላን እንላከው ያለ ሰው ነበር፤ ደመቀ ግን፣ "ምላለች" አለ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልደገመውም። አዲስ አበባ፣ ስሟን የሚያውቅ በሌለበት ደብር ቀበርናት። ለቀስተኛው ከደመቀ የሥራ ባልደረቦችና ከጎረቤቶቹ በቀር አልነበረም። ኮሶዬ ቢሆን መንገዱ ይዘጋ ነበር፤ ሹፌር ሁሉ መኪናውን አቁሞ ይወርድላት ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ወንድሜ ጥፋት አልነበረበትም። በሕይወት ሳለ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ "ተይው እስቲ" ይለኛል። በሥራው ከፍ ያለ ደረጃ ደረሰ፤ ብዙ ወጣት አሠለጠነ። ቤት ሲገባ ግን ስለ አውሮፕላን አንድ ቃል አይወጣውም። ልጆቹ በልጅነታቸው እንዴት እንደሚቆም ሲጠይቁት፣ "ይቆማል" ይልና ወደ ሌላ ወሬ ይሄዳል። ጎንደር የመጣውም ሁልጊዜ በአውቶቡስ ነው። ለአባዬ ቀብር እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ በማግስቱ ደረሰ፤ ያለ ወጪ የሚሳፈር ሰው እኮ ነው። አባዬ ያረፈው ኮሶዬ ሚካኤል ነው።

ደመቀ ባለፈው ሳምንት የተቀበረው እማዬ መቃብር ውስጥ ነው። አስቀድሞ ተናዝዞ ኖሯል። ልጆቹ አባታችን ለምን አገሩ አልገባም ብለው ግራ ገብቷቸዋል። እኔ አልገረመኝም። እሷን እዚያ ትቶ እንዴት ይሄዳል።

ሣልስቱ ሲወጣ የእኔዋ ልጅ፣ አዲስ አበባ የምትኖረው፣ ዳር ወስዳ ጠየቀችኝ። ሲመሽብኝ የት መቀበር እንደምፈልግ አሁኑኑ እንድነግራት ነው። እናትሽም ወንድምሽም እዚህ ናቸው፣ ቦታም አለ አለችኝ። እውነቷን ነው። እማዬን ጥሎ መሄድ ለእኔም ቀላል አይደለም፤ ያን ቀን ላዬ ላይ የወደቀችው እናቴ ናት። መልስ ሳልሰጣት ተሳፈርሁ።

አዘዞ ወርጄ አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ ከተሰናበትኋት በኋላ ሻንጣዬን እየጠበቅሁ ለልጄ ደወልሁላት። እነሱ ሁለት ናቸው፣ አባዬ ብቻውን ነው፤ ኮሶዬ ውሰዱኝ አልኋት። መንገዱ እንደዛሬው የማያስኬድ ቢሆንስ አለችኝ። በመኪናም ይሁን በአውሮፕላን፣ እንደተመቻችሁ አድርጉት አልኋት። እኔ የማልሁት ነገር የለም።